«ፀሐይ» የማን ናት?

ዕቃ ሲያረጅ ስሙ ይጠፋና ያስቀመጠው ሁሉ ባለቤቱ ይመስላል። በሮማ አጠገብ፥ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዘመን የቆየችው ትንሽ አይሮፕላን ነገርም እንዲሁ ነበር።

ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ሥራውን የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አይሮፕላን ነጂ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን፥ ኢትዮጵያውያንም አብረውት ደክመዋል። መጠሪያዋ «ኢትዮጵያ 1» ነው፤ «ፀሐይ» የተባለችውም በልዕልት ፀሐይ ስም ነው።

ማንነቷን ለመለየት የሚያስቸግረው ግን እዚህ ላይ ነው። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሯ የቼኮስሎቫኪያ ቫልተር፥ ንድፏም የኦስትሪያዊው ማይንድል ነው። ታዲያ በሞተር ብንፈርድ ለአንዱ፥ በንድፍ ብንፈርድ ለሌላው ልትሰጥ ነውን?

እኛ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ልጆች ለዚህ ክርክር መልሱ ሩቅ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ያዘዙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. ገደሉን እየቆፈረ፥ ወንዙን እያሻገረ እስከ መቅደላ የጎተተውም የአገራችን ሰው ነው። ያን መድፍ «የአውሮፓ ነው» የሚል እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ለፀሐይም ፍርዱ ይኸው ይመስለኛል።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የወሰዷት አይሮፕላን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ልዕልት ፀሐይ ግን በ1934 ዓ.ም. ስላረፉ ይህን አላዩም።