ብሉ ናይል ወይስ ጥቁር ዓባይ?

ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላወራችሁ ነው፤ ስለ "ብሉ"። መጨረሻው ላይ ይቅርታም አለ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ አሶሳ የታሪክ ፈተና ሳወጣ "የፉንጅ ሱልጣኔት ዋና ከተማ ስናር በየትኛው ወንዝ ዳር ነበረች?" ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ተማሪ "ብላክ ናይል" ብሎ መለሰ። በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ አደረግኩበት። ወረቀት ስመልስ ልጁ እጁን አወጣ፦ "ቲቸር፣ በአማርኛ ጥቁር ዓባይ አይደል እንዴ? ቤታችንም አዝረግ ማለት ጥቁር ነው።" እኔ ደግሞ "ብሉ ሰማያዊ ነው፣ በቃ!" አልኩት። ከኋላ አንዱ "ለራሱ አድልቶ ነው" አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ጥቁር ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ታሪኩን እንየው። "ብሉ ናይል" የዓረብኛው "አል-ባህር አል-አዝረቅ" ትርጉም ነው። አዝረቅ በመዝገበ ቃላት ሰማያዊ ነው። የእኛ የበርታ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በሚያውቁት የሱዳን ዓረብኛ ግን ቃሉ "አዝረግ" ይባላል፤ ጥቁርንም ይጨምራል። ቆዳው በጣም ጥቁር የሆነ ሰው "አዝረግ" ይባላል። ዓረብኛው ሁለቱንም ይዟል፤ እንግሊዝኛው ግን አንዱን ብቻ ይዞ ሄደ። የእኛ መጻሕፍት "ጥቁር ዓባይ" ማለታቸው ስህተት አይደለም። በክረምት አፈር ጠርጎ ሲወርድ ያየ ሰው ሰማያዊ ይለዋል እንዴ?

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1504 እስከ 1821 የቆየው የፉንጅ መንግሥት፣ ተጽእኖው እስከ እኛ አካባቢ ይደርስ የነበረው፣ በዓረብኛ "አስ-ሰልጠና አዝ-ዘርቃ" ይባላል። "ዘርቃ" የ"አዝረቅ" አንስታይ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግማሾቹ "ብሉ ሱልጣኔት"፣ ግማሾቹ "ብላክ ሱልጣኔት" ብለው ጽፈውታል። ፈረንጆቹ ራሳቸው አልተስማሙም ማለት ነው!

የሚገርመው፣ የ"ብሉ" ዘመድ የሆነው የጥንት ኖርሶች ቃል "ብላር"ም ሰማያዊንና ጥቁርን ያጠቃልል ነበር። ጥቁር አፍሪካዊን "ብላማዱር"፣ አገሩን "ብላላንድ" ይሉ ነበር። ቀለም ተፈጥሮ ነው፤ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው ግን ቋንቋው ነው። እኛስ ሰውን "ቀይ" ስንል በርበሬ ይመስላል ማለታችን ነው? "ጠይም"ን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተርጉሙልኝ እስኪ።

እዚህ እኛ ጋ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በክልላችን "ቀይ" እና "ጥቁር" ሰውን ከሰው ለመለየት ይነገራሉ። ማን መጤ፣ ማን ነባር፣ አንዳንዴም ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለመናገር። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የተሳቀው ሳቅ ከዚያ የመጣ ነው፤ ማስቆም የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ልጁ እኮ ያመጣው ከቤቱ የሰማውን እውቀት ነው። እኔ ከመዝገበ ቃላት አንድ መስመር ይዤ አሳፈርኩት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ መልስህ ትክክል ነበር። ኤክሱን ሰርዤዋለሁ፤ ይቅርታ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ በሩጣና፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ "ሰማያዊ" እና "ጥቁር" አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሁለት? ቤት ሽማግሌዎችን ጠይቁና ከታች ጻፉልኝ። ለክፍል እፈልገዋለሁ።