ውሃ የቋጠረ እግርና የሮማው ሩጫ



ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጽሞ በችቦ ብርሃን ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ሲደርስ፥ በእግሩ ጫማ አልነበረም። ይህን የማያውቅ የለም። ስለ ምን ባዶ እግሩን እንደ ሮጠ ሲጠየቅ ግን ባዕዳንም፥ ከእኛም ወገን ብዙዎች፥ በድህነት ያመካኙታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አበበ የለመደው ጫማ አልቆበት ስለ ነበረ ሮማ ላይ አዲስ ተገዛለት፤ አዲሱ ግን ከእግሩ ጋር አልተስማማም፤ እየፋቀ ውሃ አስቋጠረው። ባዶ እግሩን መሮጥ በልምምድም ያደረገው ነበርና እርሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጫማው ይቅር አሉ። ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም እንዲሁ ባዶ እግሩን ሮጦ 7ኛ ወጣ።

ቆዳችን ድርብርብ ነው። ጫማው ላይኛውን ቆዳ ወደ አንድ ወገን ሲጎትተው ከሥር ያለው አጥንት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ይህ መጓተት በብዙ ሺህ እርምጃ ሲደጋገም መካከሉ ይላቀቅና ፈሳሽ ይሞላዋል። ላብና ሙቀት ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ መሬቱን የለመደው የአበበ ውስጥ እግር ግን ደድሮ ነበር፤ ስለዚህ ለዚያች ምሽት ከተገዛው ቆዳ ይልቅ የራሱ ቆዳ ተሻለው። ይህ የድሀ ሳይሆን የዐዋቂ ምርጫ ነው።

ጫማን የናቀ አለመሆኑም ከ4 ዓመት በኋላ ታየ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ።

ባዶ እግር ይሻላል የሚል ሰውም አይኑር። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲያርስ ኖሮ እግሩ ያበጠበት ገበሬ ብዙ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ተቀምጦ ደዌው ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን መርምሮ ጽፏል። መከላከያውም ጫማና እግርን መታጠብ ነው።

እንግዲህ እርስዎ፥ በደመወዝ ማግሥት የገዙትን ጫማ አጥልቀው፥ ታክሲ ቢያጡ ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና በእግርዎ የሚገሰግሱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ ከአበበ የሚለዩት በፍጥነት ብቻ ነው፤ የጫማው ጠባይ አንድ ነው። ጫማ የሚለካው እግር ትንሽ በሚያብጥበት በማታ ነው፤ ረጅም መንገድ ከመውጣትዎ በፊትም ጥቂት ቀን በቤትዎ አካባቢ ያለማምዱት። ካልሲዎ ደረቅ ይሁን፤ የሚፋቀውን ቦታ ቫዝሊን ይቀቡት።

ውሃ ከቋጠረ አያፍርጡት፤ ላዩ ያለው ቆዳ ከፋሻ ሁሉ የሚበልጥ መሸፈኛ ነው። በውሃና በሳሙና ታጥበው በንጹሕ ጎዝ ይሸፍኑት። በራሱ ከፈረጠም ቆዳውን አይላጡት። ዙሪያው ቀልቶ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን እስከዚያ አይቆይ፤ እግሩ ደንዝዞ ሕመሙ ላይሰማው ይችላልና፥ ማታ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ውስጥ እግሩን በዓይኑ ይመልከት፤ ቋጠሮ ካየም በማግሥቱ ለሐኪም ያሳይ።