የምሕረትና የቅጣት አንቀጾች፤ ከቦሩ ሜዳ ታሪክ አንጻር

ጋሸና የመንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ ላሊበላ፣ ሌላው በደላንታ በኩል ወደ ደሴ ይወስዳል። በደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የተጠራው ጉባኤ የክርስቲያኖችን የእምነት ክርክር ከዘጋ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ለትግል ተነሡ። ከሕዝቡ የተሰደደው ተሰደደ፤ ከቀረውም በይፋ ተጠምቆ በስውር የሚሰግድ ነበረ። የእነዚህ ሰዎች ፍርድ በአላህ ዘንድ ምንድን ነው? የምሕረቱና የቅጣቱ አንቀጾች ይጋጫሉን?

አላህ በአዝ-ዙመር 53 ኃጢአትን ሁሉ እንደሚምር ይናገራል፤ በአን-ኒሳእ 48 ደግሞ ሺርክን እንደማይምር ይገልጻል። ሙፈሲሮች እንዳብራሩት የፊተኛው ተውበት ለሚያደርግ፣ የኋለኛው ሳይቶብት በሺርክ ላይ ለሞተ ነው። በ37 ዓ.ሂ. ከተካሄደው የሲፊን ጦርነት በኋላ የተነሡት ኸዋሪጆች የዛቻውን ብቻ ይዘው ኃጢአተኛውን ከእስልምና አስወጡ። ሙርጂኣዎች በአንጻሩ ተስፋውን ይዘው ተግባርን ከኢማን ለዩ። አህሉ ሱንና ግን ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ አነበቡ፤ የኃጢአተኛውን አማኝ ጉዳይም ለአላህ ተዉ።

ለቦሩ ሜዳ ጥያቄ ቅርቡ አንቀጽ አን-ነሕል 106 ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ልቡን ለክህደት በከፈተው ላይ ቁጣ ሲታወጅ፣ ልቡ በኢማን ረግቶ ሳለ የተገደደው ተለይቶ ይወጣል። አንቀጹ በዐማር ቢን ያሲር ምክንያት እንደወረደ ይነገራል። ዐማር በሥቃይ ብዛት በአንደበቱ ተናገረ፤ እናቱ ሱመያ ግን ጸንታ ተገደለች። ፉቀሃዎች የእርሱን መንገድ ሩኽሳ፣ የእርሷን ዐዚማ ይሉታል። ስለዚህ ፍርዱ የሚመለከተው የልብን ምርጫ ነው፤ ርኅራኄውም የተገደደውን ይሸፍናል። ግጭት የሚመስለው የሁለት ሁኔታዎች ልዩነት ነው።

ይህ ለሚንበርም ለመድረሳም ትርጉም አለው። የዛቻውን አንቀጽ ብቻ የሚያነብ ኢማም በስውር ሰግደው ኢማናቸውን ለልጆቻቸው ያወረሱትን አያቶች ያለ አግባብ ይኮንናል። የምሕረቱን ብቻ የሚያነብ ደግሞ የእነ ሸኽ ጦልሃን ጽናት ዋጋ ያሳንሳል። አል-ሒጅር 49 እና 50 መሓሪነቱንና የቅጣቱን ጽናት አከታትለው እንደሚያውጁ ሁሉ፣ እኛም ተስፋንና ፍርሃትን ሳንነጣጥል ልናስተምር ይገባናል። የልብን ምስጢር ግን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።