በአኩፋዳ የተያዘ ተስፋ

የቆሎ ተማሪ ልመና ብዙ ጊዜ የድህነት ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የእምነት ታሪክ ነው እላለሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልጅ በአገሩ መሬትና ከብት ያለው ቤተሰብ ሊኖረው ይችላል። አባት እረኛና አራሽ እንዳያጣ ልጁን ስለማይለቅ ብዙው ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ ነበር የሚሄደው። ድጓን ፍለጋ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ፍለጋ ዙር አባ፣ ቅኔን ፍለጋ ዋሸራ ይወርዳል። ይህን የመሰለውን ከአገር አገር መንከራተት መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ተቀብለው ባሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» ውስጥም እናገኘዋለን። እንግዲህ ከጎተራ ወደ ቁራሽ የወረደው ብዙው ወዶ ነው። የዕለት እንጀራን ከሰማይ አባት መለመን ለእሱ በጸሎት ብቻ የሚደገም ቃል አልነበረም፤ ዳዊቱን ደግሞ ሲያበቃ በእግሩ የሚሄድበት መንገድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የጉልት መሬት ነበራት፤ ተማሪውን ለልመና የዳረገው የአሠራር ጉድለት እንጂ እምነት አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የመሬቱ ጥቅም በዋናነት ለአገልጋዩ ነበርና ለተማሪው እምብዛም አይደርሰውም። ነገር ግን የአሠራር ጉድለት ረኃቡን እንጂ ሥርዓቱን አያስረዳልኝም። የተለመነው ወደ ጎጆ ይመጣና ከባልንጀራ ጋር ይበላል፤ ታሞ የተኛው ያልወጣበትን ይካፈላል። የተረፈው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በተስፋ መኖር አለማሰብ እንዳልነበረ ከዚህ ድርቆሽ በላይ የሚመሰክርልኝ የለም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ አገሩ በረኃብ ሲረግፍ የሚሰጥ እጅ ራሱ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ተስፋ የት ነበር? በደኅናውም ዘመን ቢሆን በበሽታና በረኃብ በሰው አገር የቀረ ተማሪ አለ፤ ይህን ሸፋፍኖ ልመናን ማስዋብ ለሞቱት ልጆች ደግ አይደለም። እኔ እንደሚገባኝ ግን ልማዱ ረኃብ አይኖርም ብሎ አያውቅም። የሚለው እግዚአብሔር በጎረቤት እጅ ይመግባል ነው። ስለዚህ ተስፋው ለማኙን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስራል። ነገ መምህር ተብሎ የሚከበረው ሰው ዛሬ ስሙን በማታውቅ ባላገር ደጅ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ እሷም ከልጆቿ ድርሻ ቆርሳ ታወጣለች። ትሕትናው የሁለቱም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ይዞታም አብሮ ሄደ። ብዙ ጉባኤ ቤት ተዳከመ፤ ተማሪው ግን አልጠፋም፤ ድሮም እንጀራው ከጉልት አልነበረምና። አሁንም በጎጃምና በጎንደር ገጠር የሚሰጠው ያጣ ቤት ተማሪውን ዝም ብሎ አይመልሰውም። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይመጣል፦ «እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ»። እሱም አሜን ብሎ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።