የአስር ሳንቲሙ አጋዘን

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አስር ሳንቲም በአንድ ፊቱ ዘውድ የሌለው አንበሳ፣ በሌላው ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው እንስሳ ተቀርጾበታል። አንበሳውን የማያውቅ የለም። ሌላውን ግን ብዙ ሰው “አጋዘን” ብሎ ያልፈዋል፤ አገሩ የት እንደሆነ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። እንስሳው የደጋ አጋዘን፣ በተለመደው ስሙ ኒያላ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ያሉትን ደጋዎች አይለቅም።

ለሳይንስ የታወቀው ከአርሲ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር ገደለው። ከሁለት ዓመት በኋላ የለንደኑ የእንስሳት ተመራማሪ ሪቻርድ ላይዴከር አዲስ ዝርያ መሆኑን መዝግቦ የአዳኙን ስም ሰጠው። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የዱር እንስሳት ለሳይንስ እንዲህ ዘግይተው የደረሱት ጥቂት ናቸው። የአርሲ እረኛ ግን እንስሳውን ለማወቅ ለንደንን አልጠበቀም።

መዘግየቱ አያስገርምም። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ ቀንዱም ከአንድ ሜትር የሚያልፍ ቢሆንም ቀኑን በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ የሚውል ድምፁ የማይሰማ ፍጡር ነው።

ከሳንቲሙም ሌላ ምስሉና ስሙ በአዲስ አበባ ገበያ ደራ። ኒያላ ሞተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ኒያላ ኢንሹራንስ፣ ኒያላ ሲጋራ። የመጨረሻው ሳያስቅ አይቀርም፤ የአገሪቱን ንጹሕ አየር የሚተነፍስ እንስሳ ለጢስ ማስታወቂያ ሆነ።

ስሙ በከተማ ሲሰፋ፣ መሬቱ በአርሲ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁሉም በአጭሩ “ካዱ” የሚለው፣ አሰላን መቀመጫው አድርጎ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴ ምርት ጨመረ። ከልማቱ ጋር ትራክተርም ገባ፤ ባለርስቶች መሬቱን ራሳቸው ለማረስ ሲነሡ ብዙ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነቀሉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የሕዝቡን መብዛት ግን አላስቆመም። የገብስ ማሳውም ወደ ተራራው ሽቅብ ወጣ። ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹን ማብላት ነበረበት። አጋዘኑ ግን ከማሳው በላይ ወዳለው ብርድ ተገፋ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በባሌ ፓርክ ሳይቀር በተፈጸመበት አደን ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ዛሬ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል።

ምልክቱን እያከበረ ባለቤቱን የሚያጣ ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። ካሊፎርኒያ ግሪዝሊ የሚባለውን ድብ እ.ኤ.አ. በ1911 በሕግ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አኖረች፤ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ያ ድብ ከግዛቲቱ ጠፋ። ባንዲራው ዛሬም ይውለበለባል።

አርሲ ገና እዚያ አልደረሰችም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል፤ ጭላሎና ገላማን፣ ካካንና ሁንቆሎን ያካትታል። አሰላ ራሷ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟ ሲነሣ ግን የሚከተለው ብቅሉና ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ሁለቱም ይገቧታል። ነገር ግን ኢንሹራንሱም ሲጋራውም የወሰዱትን ምስል ለአርማዋ ብትመርጥ ከማንም በላይ የሚገባው ለእርሷ ነው፤ የከተማው አስተዳደርም ሆነ ትምህርት ቤቶቿ ይህን ቢያስቡበት ይበጃል።