ዘግይተው የመጡ ተማሪዎች ኮሌጅ

ውድ አንባቢ፣ ከልጆችዎ እኩዮች ጋር ክፍል ገብተው አፍረው ያውቁ ይሆናል። እንግዲያውስ በኦክስፎርድ የሚገኘውን የሐሪስ ማንቸስተር ኮሌጅን ታሪክ ላካፍልዎ።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1786 በማንቸስተር ከተማ ተመሠረተ። በዚያን ዘመን ኦክስፎርድ ለመግባት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን 39 የእምነት አንቀጾች ፈርሞ መቀበል ግድ ነበር። ኅሊናቸው ያልፈቀደላቸው ወገኖች በሩ ስለተዘጋባቸው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። (በኋላ ብዙዎቹ ከሥላሴ ትምህርት ርቀዋል፤ በዚህ አንስማማም።) ለአቶም ንድፈ ሐሳቡ የሚታወቀው ጆን ዳልተን እዚያ አስተምሯል። ትምህርት ቤቱ ወደ ዮርክ፣ ተመልሶ ወደ ማንቸስተር፣ ከዚያም ወደ ለንደን ተዛወረ። በ1871 ሕግ አብዛኛውን የሃይማኖት ገደብ አነሣ፤ በ1889 ኮሌጁ ኦክስፎርድ ገባ።

ዛሬ ኮሌጁ የሚቀበለው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ብቻ ነው። ሥራ ለቅቆ የመጣውም፣ ልጅ ያሳደገችውም ጽሑፋቸውን አዘጋጅተው ከመምህር ፊት ቁጭ ብለው ይሟገታሉ፤ እንደ ጀማሪ ማንም አያባብላቸውም። ከዚያ በአርሎሽ አዳራሽ አብረው ይመገባሉ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ገበታ ነው፤ «ለምን ዘገየህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለበትም። የእኛ የማታ ተማሪዎች ግን ክፍል እንዳበቃ ወደ ታክሲ ይሮጣሉ።