የብስክሌት ሰንሰለት ማጠቢያ

የብስክሌት ሰንሰለት ማጠቢያ አሮጌ ግራሶንና ዘይትን፣ ከእነሱ ጋር የተጣበቀውን አቧራና የብረት ብናኝም የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚመረት ማጽጃ በውጭ ገበያ ሞልቷል። እንደ ሐራ፣ መርሳና ወልድያ ባሉ የሰሜን ወሎ ከተሞች ግን ምርጫው ከማደያና ከሱቅ የሚገኘው ነው፦ ላምባ (ነጭ ጋዝ)፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ከእነዚህ ለተራ ባለብስክሌት የሚመቸው ላምባ ነው፤ ዋጋው ብቻ ግን አይደለም ያስመረጠው።

ዛሬ በብስክሌት ላይ የምናየው ሰንሰለት መሠረቱ ሐንስ ሬኖልድ የተባለው ትውልደ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ ያስመዘገበው ፈጠራ ነው። በብስክሌት ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በውጭ የሚታየው ጥቁር ቆሻሻ ያስጠላል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከዘይት ጋር የተለወሰ አቧራ በፒኑና ፒኑን ባቀፈው ቀለበት መሐል ሲገባ ነው፤ እዚያ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል፣ ሰንሰለቱም ቀስ በቀስ ይረዝማል። መርዘሙን ለማወቅ ተራ ማስመሪያ ይበቃል። 24 የፒን ርቀት በአዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307.8 አካባቢ ከደረሰ 1 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው የሚዞርበትን ጥርስም ይዞ ስለሚጠፋ መለወጥ እንጂ ማጠብ አያድነውም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ መንግሥት በሚያወጣው የነዳጅ ዋጋ ዝርዝር ላምባና ነጭ ናፍጣ እኩል የሆኑበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአዲስ አበባ ሁለቱም በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሲሸጡ፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። አንድ ሰንሰለት ለማጠብ ግማሽ ሊትር ስለሚበቃ የዋጋው ልዩነት ከሳንቲም አያልፍም። ስለዚህ መመዘን ያለበት ፈሳሹ በምን ያህል ሙቀት እሳት እንደሚይዝና ሲደርቅ ምን ትቶ እንደሚሄድ ነው።

ቤንዚን ግራሶን በፍጥነት ያሟሟል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ብዙ ሠራተኛ የሚወደው ለዚህ ነው። ነገር ግን እንፋሎቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ ክብሪት ይቀበላል። ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢሆን እንኳ ሊደርስበት ይችላል። በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ደግሞ (ነዳጁና ኬሚካሉ በአማርኛ ሞክሼ ናቸው) ለደም ካንሰር ይዳርጋል። ለሰንሰለት ማጠቢያ መዋል የለበትም።

የላምባ እንፋሎት እሳት መያዝ የሚጀምረው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወዲያ ነው፣ የናፍጣ ከ50 በላይ። 38 ዲግሪ ለደጋ ሰው ሩቅ ይመስላል። በሐራ ቆላ ግን ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ጎድጓዳ ሳሕን ያን ያህል ሊሞቅ ስለሚችል፣ በላምባ ማጠብ ያለበት በጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ ከእሳት ርቆ ነው። ናፍጣ ከእሳት አንጻር ይሻላል፤ ሆኖም ሽታው ከእጅ አይለቅም፣ የሚተወው ቅባት ወፍራም ነው፣ ያ ቅባት ካልታጠበ ደግሞ በማግስቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ላምባን በእውነት ርካሽ የሚያደርገው ደጋግሞ ማገልገሉ ነው። ሰንሰለቱ ተፈቶ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ይገባል፣ ላምባ ይፈስበታል፣ ተከድኖ ይናጣል። ወዲያው ቡና ይመስላል። ጥቂት አርፎ ደግሞ ይናጥና ፈሳሹ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ያደረ እንደሆነ ጥቁሩ አተላ ከታች ይረጋል፣ ከላይ የጠራው ተቀድቶ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ሰንሰለቱ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በላርጎ ታሽቶ፣ ተለቅልቆና በጨርቅ ተወልውሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሳይደርቅ ዘይት ከተጨመረበት ውሃው በውስጥ ታፍኖ ዝገት ያመጣል። ሰንሰለቱን መፍታት ያልቻለ ሰው ላምባ በነካ ጨርቅ ይዞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙር፤ ብቻ ፈሳሹ የጎማው ቸርኬና የፔዳሉ መሐል ኩሽኔታ ውስጥ እንዳይገባ፣ ፍሬን የሚይዝበትንም ጠርዝ እንዳይነካ።

የቀረውን ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ አደጋውም ከባድ ነው። ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ከጠጣና ጥቂቱ ወደ ሳንባው ከገባ ብርቱ የሳንባ ጉዳት ያስከትላል። እንዲህ ሲሆን ማስታወክ ጉዳቱን ስለሚያባብሰው ልጁን ሳያስመልሱ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በረኪና፣ ሎሚና አቼቶ ግራሶ አያሟሙም፤ ብረቱን ግን ያዝጋሉ ወይም ይበላሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እንደ ማጠቢያ ሆነ እንደ ቅባት አይሆንም፣ የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ከታጠበ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ጠብታ አዲስ የሞተር ወይም የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል፤ ከላይ የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ኑግ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ነገር ግን አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዓይነት ስለሆነ ሰንሰለቱን መልሶ ያከርረዋል።

አተላው የት ይደፋ የሚለው በሰሜን ወሎ ተራ ጥያቄ አይደለም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ የመስኖ እርሻ ይለማል፤ ላምባና ናፍጣ ደግሞ በአፈር ውስጥ ሰርገው ውሃን ያበላሻሉ። ወደ ቦይ ከመድፋት በተዘጋ ዕቃ አጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይሻላል።

የሞተር ሳይክል ሰንሰለትም በዚሁ ላምባ ይታጠባል። በቀለበቶቹ መሐል የጎማ ማሸጊያ ያለው ዓይነት ከሆነ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ጎማውን ያበላሹታል፣ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፉም አይመከርም፤ ላምባ በነካ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።